ለእንግዳ የሚነሣው በሽተኛ

አቶ አጽብሃ ያን ዕለት እሑድ ከቂርቆስ ቅዳሴ ወጥተው፣ አምስት የማኅበር ወንድሞችና እህቶች አስከትለው፣ ካዛንቺስ ወደሚገኘው የአቶ ዓብዱልመጂድ ግቢ ሲገቡ ከበር ይመለሳሉ ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም። እሳቸው ራሳቸው አልጠረጠሩም። ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ገና ከቆርቆሮው በር ጀምረው «እንደምን አደራችሁ ቤቶች» እያሉ ነበር የገቡት።

አቶ ዓብዱልመጂድ የሠላሳ ዓመት ጎረቤታቸውና ወዳጃቸው ናቸው። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ሲሆኑ፣ አቶ አጽብሃ በመኪና መለዋወጫ መደብር ንብረት ክፍል ሲሠሩ ከለበሱት ሱሪ ውስጥ የእሳቸው እጅ ያልነካው የለም። ከሁለት ወር በፊት ግን ደም ግፊት ጣላቸውና የቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ሆስፒታሉ ሦስት ሳምንት አስተኝቶ፣ ከእንግዲህ ቤታችሁ አስታምሙ ብሎ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፋጤ ጋር ሸኛቸው። ከዚያ ወዲህ አቶ አጽብሃ አንድም ቀን አልቀሩም። የቅዱስ ቂርቆስ ጽዋ ማኅበር ሙሴ ናቸው፣ ሰብሳቢው ማለት ነው፤ ስለዚህ አባላቱን በተራ እየመደቡ ጠዋት አምስት፣ ከሰዓት አምስት ያመጡ ነበር። እስላም ነው ክርስቲያን ነው ያለ የለም። ታሞ የተኛ ሰው ቤት ባዶ መዋል የለበትም፤ ይኸው ነው።

ግቢው መካከል ካለው ቧንቧ ሥር አንዲት ልጅ እጅጌዋን ሰብስባ ነጭ አንሶላ ታጥባለች። ሰገን ናት፤ እዚያው ግቢ በጓሮ በኩል ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ ነርስነት ተምራ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ክሊኒክ የምትሠራ ልጅ። እንግዶቹን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ተነሣች፤ ጎንበስ ብላ ሁሉንም በየስማቸው ሰላም አለች። ከዚያ ሄዳ የበሽተኛው በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ አጽብሃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዛሬ መግባት አይቻልም።»

አቶ አጽብሃ «አረፈ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ የለም፣ ደኅና ናቸው። ማለቴ፣ ደኅና እንኳ አይደሉም። ለዚህ ነው እንግዳ የማይገባው።»

እንግዲህ ይህ ምን ይባላል? ደኅና ነው፤ ደኅና አይደለም፤ ሰው አይገባም። ከማኅበርተኞቹ አንዷ ወይዘሮ ሀብትነሽ «እንዲህም አለ ለካ» ብለው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡና ብርቱካናቸውን ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። አቶ አጽብሃ ግን አልወጡም። እንዲህ ተዋርደው ቤታቸው ከመግባታቸው በፊት ምክንያቱን ማወቅ ፈለጉ፤ እውነቱን ለመናገር ልጅቷንም መገሠጽ ፈልገው ነበር።

«አንቺን በር ጠባቂ ያደረገሽ ማነው?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ማንም። እማማ ፋጤ ለመናገር ይሉኝታ ያዛቸው፤ እኔ ተናገርኩት። አባባ ዓብዱልመጂድ የአልጋ ቁስል ወጥቶባቸዋል፣ ጋሼ። መቀመጫቸው ላይ ነው፤ መዳፌን ያህላል። ኢንፌክሽን ከገባበትና ወደ ደም ከሄደ፣ በቃ፣ እኔም ሐኪሙም የምናደርገው ነገር የለም።»

«ታዲያ እኛ ነን ያቆሰልነው?»

ሰገን አየቻቸው፤ አንሶላውን አየች። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ጀምራ አስረዳቻቸው። ሐኪሙ ያዘዘው በየሁለት ሰዓቱ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ጎናቸው እየተገላበጡ እንዲተኙ ነው። በሽተኛው ግን እንግዳ ተኝቶ መቀበል ነውር ነው ብለው በትራስ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ወደ ግድግዳው ይዙሩ ሲባሉ ደግሞ ለእንግዳ ጀርባዬን ልስጥ ወይ ብለው ይቆጣሉ። እንግዳው ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም። ስለዚህ ያ ምስኪን ሰው ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው እዚያው ቁስሉ ላይ ነው።

አቶ አጽብሃ ሲሰሙ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶም አያውቅም።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ። ትምህርትሽን አልነቅፍም። ግን የታመመ ጠይቁ ብሎ ያዘዘን ጌታ ነው፤ እኔ ያመጣሁት ወግ አይደለም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ሽማግሌን ለብቻው ዘግቶ፣ በሰዓት እያገላበጡ፣ ሰው አይግባ ማለት የሌላ አገር ሥርዓት ነው። ዓብዱ የሚሞተው ያን ጊዜ ነው፤ ሰው ሲያጣ።»

«ሰው መድኃኒት መሆኑን አልካድኩም፣ ጋሼ። መድኃኒት ግን ልክ አለው፤ ከልኩ ሲያልፍ ይጎዳል። እስቲ አይቆጡኝና ልጠይቅዎት። በዚህ አምስት ሳምንት ከመጣው ሰው ሁሉ አንድ ባልዲ ውሃ የቀዳላቸው አለ? አንሶላ ያጠበ? እማማ ፋጤ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ እኔ ሺፍት ስገባ ያን ትልቅ ሰው ለብቻቸው ማዞር አይችሉም።»

«እኛ እኮ ልናከብረው ነው የምንመጣው፤ ልናጥበው አይደለም።»

«ባለፈው ጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ እርስዎ ያለቅሱ ነበር። አጠገብዎ ነበርኩ።»

«እሱ ሥርዓት ነዋ» አሉ አቶ አጽብሃ።

«ሥርዓቱስ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ምን እንድናደርግ ነው የሚያሳየን?» አለች ሰገን፤ ነገሩን በድፍረት ሳይሆን ራሷም እንደምታስብበት ዓይነት አለችው።

አቶ አጽብሃ ፌስታላቸውን ከሌሎቹ ብርቱካኖች ጎን አኖሩና ወጡ።

ወደ ቤታቸው ግን አልሄዱም። እግራቸው ወደ መራቸው ሲሄዱ ባምቢስ ደረሱ። የዓብዱልመጂድ ሱቅ በሩ ተቆልፎ፣ ደፉ ላይ አቧራ ተኝቶ አገኙት። እዚያ ቆመው ልጅቷን በልባቸው ሰደቧት። ቀጥለው ደግሞ እውነቷን ቢሆንስ አሉ። መልሰው፣ ሠላሳ ዓመት የወደድኩትን ሰው በፍቅሬ አቆሰልኩት ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ይህማ ውሸት ነው አሉ። ሰው ሊያጠፋ አስቦ ሲያጠፋ ንስሐ ይገባል፤ ሊያጽናና ሄዶ ሲያጠፋስ ምን ይባላል? በስድሳ ስምንት ዓመታቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟቸው አያውቅም። የሚይዙት የሚጨብጡት አጥተው እዚያው ሱቅ ደጃፍ ብዙ ቆዩ።

በማግሥቱ ሰኞ ረፋድ ላይ ብቻቸውን ሄዱ። ሰገን ሥራ ገብታለች። ከወዳጄ አፍ ልስማው ብለው ነው።

አቶ ዓብዱልመጂድ ድምፃቸውን ሲሰሙ ገና ከበሩ «ግባ፣ ግባ» አሉ፤ ከታመሙ ወዲህ አፋቸው ትንሽ ይይዛቸዋል። ከዚያ በደኅናው እጃቸው አልጋውን እየቧጠጡ «ፋጤ፣ ትራሱን አምጪ፣ ቀና አድርጊኝ» አሉ። ወይዘሮ ፋጤ ወገባቸውን ይዘው እየጎተቱ ደገፏቸው። አቶ አጽብሃ እንደ ልማዳቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ትናንት ልጅቷ ያለችውን አነሡ። አቶ ዓብዱልመጂድ ሳቅ አሉና ልጅ ናት ተዋት፣ ቁስሉም ትንሽ ነው፣ አንተ ስትመጣ በሽታው ይረሳኛል አሉ። ይህን ሲሉ ግን ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግንባራቸውም ወዝቷል። አቶ አጽብሃ ዓይናቸውን አሽሽተው ወደ መጋረጃው ሲያዩ ወይዘሮ ፋጤን አዩ።

ወይዘሮ ፋጤ መጋረጃው ሥር ቆመዋል። እጃቸው ላይ የታጠፈ ንጹሕ አንሶላ አለ። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር የሚቆሙት፤ ከትናንት በስቲያም፣ ባለፈው ሳምንትም፣ ገና ከሆስፒታል በወጡ ሰሞንም። አቶ አጽብሃ እስከዛሬ ይህን አይተው የቤት እመቤት ወግ ነው፣ እንግዳ አክብራ ነው የምትቆመው ብለው ሲያደንቁ ኖረዋል። ለካ ሴትዮዋ የሚጠብቁት እንግዳው እስኪወጣ ኖሯል። ለካ በሽተኛው ያ ሁሉ ሰው ፊት የተቀመጡት በሽንት በረጠበ አንሶላ ላይ ኖሯል። ከሁሉ ጎብኚ ደግሞ አብዝቶ የሚቆየው ማን ነበር? ራሳቸው አጽብሃ። ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴ አራት ሰዓት ሙሉ፣ የድሮ ወሬ እያነሡ።

ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው።

ሊወጡ ተነሡ። ግን ቢወጡስ? ወይዘሮ ፋጤ ያን ሰው ለብቻቸው ሊያዞሩት ነው። ደግሞ ቢቆዩ ምን ሊሠሩ? የበሉበትን ሳህን እንኳ አንሥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱ፤ ተመልሰው ደግሞ ቆሙ። ወይዘሮ ፋጤ ግራ ገብቷቸው ያዩዋቸዋል። በመጨረሻ ኮታቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ጣሉና «ፋጤ እህቴ፣ ንገሪኝ፤ በየት በኩል ነው የሚያዘው?» አሉ።

አቶ ዓብዱልመጂድ ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸውን በደኅናው እጃቸው ሸፈኑ። «አይሆንም፣ አጽብሃ። በአላህ ይዤሃለሁ ውጣልኝ። አንተ እንዲህ ስታየኝ ማየት አልችልም።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግሬ ሥር ተንበርክከህ ሱሪዬን ስትለካ አንድ ቀን አፍሬ አላውቅም» አሉ አቶ አጽብሃ። «አንተም አታፍርም ነበር። ዛሬ ተራው የኔ ነው፤ ዝም በል።»

አቶ ዓብዱልመጂድ እጃቸውን ከፊታቸው አወረዱ። ወይዘሮ ፋጤ የባላቸውን ገመና በሽርጥ ሸፈኑ፤ አቶ አጽብሃ በትከሻና በዳሌ ይዘው ወደ ግድግዳው አዞሯቸው። ቁስሉን ያን ጊዜ አዩት። ልጅቷ አልዋሸችም፤ እንዲያውም ቀንሳ ነው የነገረቻቸው። ወይዘሮ ፋጤ ሰገን እንዳሳየቻቸው ቁስሉን ሲያጸዱ እሳቸው ደግፈው ያዙ፤ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ጀርባውን እያራሱ በጨርቅ አበሱ። እጃቸው ይሳሳታል፤ ውሃው እጅጌያቸው ውስጥ ይገባል። የረጠበው አንሶላ ወጥቶ ንጹሑ ገባ።

አቶ ዓብዱልመጂድ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። «አጽብሃ» አሉ። «ይህ ግድግዳ ወደ ቂብላ ነው፤ ወደ መካ። በንጹሕ ልብስ ሆኜ፣ ወደ ቂብላ ዞሬ ካልሰገድኩ ወር አለፈኝ። አንድ ነገር ላስቸግርህ፤ እጄንና ፊቴን የምታጠብበት ውሃ ታፈስልኛለህ?»

አቶ አጽብሃ ጣሳውን እንደያዙ ቀሩ። ለሰላት የሚሆን ውሃ ክርስቲያን ያፈስሳል ወይ? ማንን ይጠይቁ? እዚያ ክፍል ውስጥ የሚጠየቅ ቄስ የለም። ወዳጃቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው እየጠበቁ ነው። አፈሰሱላቸው። ከዚያ ራቅ ብለው ቆሙ። ወዳጃቸው ጎናቸው ላይ እንደተኙ፣ በዓይናቸውና በጣታቸው ጫፍ ሲሰግዱ ተመለከቱ። ልባቸው ይከፋል ብለው ነበር፤ አልከፋም። ለምን እንዳልከፋ ግን ለብዙ ቀን ሲያስቡት ኖረዋል።

አንሶላውን ይዘው ወደ ቧንቧው ወጡ። ሳሙናው ከእጃቸው እየሾለከ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ይህን ሲያደርጉ የቆርቆሮው በር ተከፈተና ወይዘሮ ሀብትነሽ ገቡ፤ የትናንቱን ነገር ሊያጣሩ ነው የመጡት። የማኅበሩን ሙሴ በሸሚዝ፣ እግር ዘርግተው፣ አንሶላ ሲያሹ ሲያዩ ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

«አቶ አጽብሃ፣ ምን ሆነው ነው?»

«እኔም ግራ ገብቶኛል» አሉ አቶ አጽብሃ ከልባቸው። «ይልቅ ያንን ጫፍ ያዢልኝና እንጭመቀው። ለአንድ ሰው አይመችም።»

ወይዘሮ ሀብትነሽ ከቧንቧው አጠገብ ያለውን ብርቱካን አዩ፤ ሰውየውን አዩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ጫፉን ያዙ። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዷ ወደ ቀኝ ጠመዘዙት።

ሰገን በአሥራ አንድ ሰዓት ከሥራ ስትመለስ አንሶላው ገመድ ላይ ደርቆ፣ አቶ አጽብሃ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ልጅቷ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር ከለከሏት። ተሸንፌያለሁ አሏት። ግን ቀጥለው እሷም ያጠፋችውን ነገሯት። እሑድ ዕለት ሰው ሁሉ ከበር ሲመለስ ዓብዱ ውስጥ ሆኖ ይሰማ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ ሳይሰማ ሲውል ሞቼ የተቀበርኩ መሰለኝ ብሎ ዛሬ አልቅሷል።

«እሱን አላሰብኩትም» አለች ሰገን፤ ፊቷ ተለወጠ። «ቁስሉን ብቻ ነው ያየሁት።»

«እኔ ደግሞ ቁስሉን ብቻ ነው ያላየሁት። እንግዲህ ምን ይሻላል?»

እዚያው ሲመካከሩ ቆዩ። እሷ ክሊኒኳን ትጠቅሳለች፤ እሳቸው የአገሩን ወግ ያነሣሉ። አንዱ ሲያጠብቅ አንዱ ያላላል። በስተመጨረሻ አቶ አጽብሃ የውሃውን ነገር አመጡ። «አንድ ነገር ከንክኖኛል፤ ለሰላቱ ውሃ አፈሰስኩለት። ይህ ጽድቅ ነው ኃጢአት?»

«እኔ ነርስ ነኝ፣ ጋሼ፤ እሱን አላውቅም» አለች ሰገን። «ነገም ቢለምንዎት ያፈስሳሉ?»

«አፈስሳለሁ።»

«እንግዲያስ ያውቁታል» አለች። አቶ አጽብሃ ማወቃቸውን እርግጠኛ አልነበሩም፤ ግን ሌላ አልጠየቁም።

በወሩ አሥራ አምስት ማኅበሩ ሲሰበሰብ አቶ አጽብሃ ተነሥተው ነገሩን ሁሉ ሳይደብቁ ተናገሩ። አቶ አርአያ የተባሉ ጡረተኛ መምህር ከልባቸው ተቃወሙ። የማኅበር ክብር ይቀንሳል፣ ሕዝብ ምን ይላል፣ ደግሞስ የሰው ቤት ገብቶ ውሃ ልቅዳ ማለት ባለቤቱን መድፈር አይሆንም ወይ አሉ። ነገሩ ባዶ አልነበረም፤ ብዙ ራስ በአዎንታ ተነቀነቀ።

«አርአያ ወንድሜ» አሉ አቶ አጽብሃ፣ «እኔም እንዳንተ ነበር የማስበው፤ አሁንም ሁሉ ነገር ጠርቶልኛል አልልህም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው። እኔ አምስት ሳምንት ሙሉ ወዳጄ ፊት ተቀምጬ ነፍሴን ሳስደስት፣ እሱ ለኔ ክብር ሲል ሥጋው ይላጥ ነበር። ይህን ፍቅር ብዬ ለጌታዬ ላቅርብለት? ባለቤቱ እንዳይደፈር ካሰብክ ፋጤን ጠይቃት፤ ከመጋረጃው ሥር ቆሞ ከመዋልና ውሃ ከሚቀዳላት ሰው የቱን እንደምትመርጥ ትነግርሃለች።»

ከዚያ በኋላ ለተቃውሞ የተነሣ አልነበረም። አቶ አርአያ ኩም ብለው ተቀመጡ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ባልዲ ይዘው ከመጡት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። የተስማሙበትም ነገር ቀላል ነው። ወደ በሽተኛ ቤት ከሁለት ሰው በላይ አይሄድም፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንዱ ሲያጫውት ሌላው ውሃ ይቀዳል ወይም ልብስ ያጥባል፤ የማገላበጫው ሰዓት ሲደርስ ሁለቱም ያግዛሉ። በሽተኛው ቢፈልግ ይተኛል፣ ቢፈልግ ጀርባውን ይሰጣል፤ የሚቀየም የለም። ደግሞ ብርቱካን በቃ ተባለ፤ ወይዘሮ ፋጤ የሚፈልጉት ሳሙና ነበርና።

ጥቅሙ ብዙ ሳይቆይ ታየ። ቁስሉ መጀመሪያ መሽተቱን ተወ፤ ከዚያ ጠርዙ አዲስ ሥጋ አወጣ፤ በስምንተኛው ሳምንት ሰገን ከፍታ አይታ «ዘግቷል» አለች። ወይዘሮ ፋጤ ቀን ቀን ጋደም ማለት ስላገኙ ወገባቸው ተሻላቸው። ማኅበሩም ቢሆን ክብሩ አልቀነሰም። እንዲያውም ከሰፈሩ ማን ውሃ እንደቸገረው፣ ማን ለብቻው እንደተኛ የሚያውቁት ያን ጊዜ ሆነ፤ ቀድሞ ያውቁ የነበረው የማን ድግስ እንዴት እንደነበር ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት አቶ አጽብሃ እንደ ልማዳቸው ሊያገላብጧቸው መጡ። አቶ ዓብዱልመጂድ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተው ነበር። የበሩን ድምፅ ሲሰሙ በደኅናው ክርናቸው ተደግፈው ቀና ሊሉ ታገሉ።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፤ አጽብሃ።»

«ኤድያ» አሉ አቶ ዓብዱልመጂድ። «እንግዳ መስሎኝ ልነሣ ነበር።» ክርናቸውን አሳርፈው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ ተመልሰው ተኙ።

አቶ አጽብሃ ኮታቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ አኖሩና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።